ያገለገለ የራኬት መወጠሪያ ማሽን፦ ባለ ክብደት፣ ባለ እጀታ ወይስ ባለ ኤሌክትሪክ?

ያገለገለ የቴኒስ ራኬት ክር መወጠሪያ ማሽን ለመግዛት የተነሳ ጀማሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ክሩን በምን ይስባል?» ብሎ ነው። ይህ መጠየቅ ያለበት ቢሆንም ሁለተኛ ነው። ክሩን ስቦ 25 ኪሎ ማድረስ ሦስቱም ዓይነት ማሽኖች ይችላሉ። ሥራው የሚበላሸው የተሳበውን ክር ይዞ ማቆየት ላይ ነው፤ ያ ደግሞ የመቆንጠጫውና የራኬቱ ማሰሪያ ድርሻ ነው። መቆንጠጫው ጥርሱ ካለቀ ውድ የኤሌክትሪክ ማሽን ይልቅ መቆንጠጫው ደህና የሆነ ተራ ባለ ክብደት ማሽን የተሻለ ራኬት ያወጣል። ስለዚህ ከመቆንጠጫው እንጀምር።

መቆንጠጫው፦ ልቅ ወይስ ከገበታው ጋር የተያያዘ

የሸማኔ ልጅ ይህን ሥራ ቶሎ ይገባዋል። በራኬቱ ቁመት የሚሄደው ድር ነው፣ አግድም የሚገባው ማግ። የተለመደ የቴኒስ ራኬት 16 ድርና 19 ማግ አለው። አንዱን ስበን ቀጣዩን እስክንስብ ድረስ ውጥረቱን የሚጠብቀው መቆንጠጫው ብቻ ነው።

ልቅ መቆንጠጫ፣ ጋማ ኤክስ-2ን በመሳሰሉ ርካሽ ማሽኖች ላይ የሚመጣው፣ አዲሱን ክር የሚይዘው ከጎኑ ካለው ክር ጋር አጣምሮ ነው። ከገበታው፣ ማለትም ራኬቱ ከሚታሰርበት የማሽኑ ጠረጴዛ፣ ጋር ስላልታሰረ ሲለቀቅ ጋደል ይላል፤ በእያንዳንዱ ክር ላይም ትንሽ ውጥረት ይጠፋል። እጅ እስኪለምድ ደግሞ አንዱ ክር ጠብቆ ሌላው ላልቶ ይወጣል። ለራስ ራኬት ይበቃል፤ ለሰው ሠርቶ ገንዘብ ለመቀበል ግን አንመክረውም።

ከገበታው ጋር የተያያዘው መቆንጠጫ ሁለት ቦታ ይቆለፋል፦ ጥርሱ ክሩን ይይዛል፣ እግሩ ገበታውን ይይዛል። ያገለገለ ማሽን ላይ ሁለቱም ሊንሸራተቱ ይችላሉ፤ የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ዋጋ አትነጋገሩ። ፍተሻው 10 ደቂቃ አይፈጅም። አሮጌ ራኬትና 2 ሜትር ያህል ክር ይዛችሁ ሂዱ። ክሩን በ25 ኪሎ ስባችሁ ቆንጥጡት። ክሩ ከጥርሱ በሚወጣበት ቦታ በእስክሪብቶ ነጥብ አድርጉ፤ በመቆንጠጫው እግር ጠርዝ ላይም ገበታው ላይ በእርሳስ መስመር አስምሩ። አሁን መሳቢያውን ልቀቁ። ነጥቡ ከሸሸ ጥርሱ ነው፤ እግሩ ከመስመሩ ከራቀ መቆለፊያው ነው። እስከ 1 ሚሊ ሜትር የሚሆን መሳሳብ ይታለፋል፣ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ግን ሥራውን ያበላሻል።

የእግሩ መንሸራተት ብዙ ጊዜ ከዘይትና ከአቧራ ስለሚመጣ በአልኮልና በጨርቅ ይጠፋል። ጥርሱንም በአልኮልና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጽድታችሁ ፍተሻውን ድገሙት። ከዚያም በኋላ ክሩ ከሸሸ ጥርሱ አልቋል ማለት ነው፤ መቀየር አለበት። ሻጩ ብሎኑን አጥብቆ ክሩን አስቆማለሁ ቢል አትቀበሉት። ከመጠን በላይ የጠበቀ ጥርስ ክሩን ያደቀዋል፣ የተደቀቀ ክር ደግሞ እዚያው ቦታ ላይ ይበጠሳል።

ማሰሪያው፦ ሁለት ነጥብ ወይስ ስድስት

16 ድር እያንዳንዱ በ25 ኪሎ ሲወጠር ራኬቱ ላይ 4 ኩንታል ያርፋል። ማጉ እስኪገባ ድረስ ይህ ሁሉ ጫና ራኬቱን በቁመት ያሳጥረዋል፣ ወደ ጎን ያሰፋዋል። ባለ ሁለት ነጥብ ማሰሪያ ራኬቱን ከላይና ከታች ከውስጥ ደግፎ ማጠሩን ይከላከላል። ባለ ስድስት ነጥቡ ደግሞ በአራት ክንድ ጎኑን ስለሚጨምር ጀማሪ ለሚሠራው ስህተት ይቅር ባይ ነው። ይህ ማለት ባለ ሁለት ነጥብ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ፕሪንስ ኒዮስ 1000 ባለ ሁለት ነጥብ ሆኖ ሳለ ብዙ ባለሙያ የሠራበት ጠንካራ ማሽን ነው። የሚያስፈራው ራኬቱን ካሰራችሁት በኋላ በእጅ ሲነካ የሚወዛወዘው ነው። የጎማ መደገፊያዎቹ መኖራቸውን አንድ በአንድ ቁጠሩ።

መሳቢያው

ባለ ክብደቱ ዘንግ ላይ የተንጠለጠለ ብረት ክሩን ይስባል። መብራት አይፈልግም፣ የሚደክም ሞላ የለውም፤ ክሩ እየተለጠጠ ሲሄድም መሳቡን አያቆምም። ዘንጉ ሲያርፍ አግድም መሆን አለበት። በ5 ዲግሪ ቢዘነብል ከ25 ኪሎ ላይ የሚጎድለው 100 ግራም ያህል ነው፣ በ10 ዲግሪ ወደ 400 ግራም ይጠጋል። ስለዚህ ጥቂት መዛነፍ አያስጨንቅም። አብሽሩ፣ በግንበኛ ውሃ ልክ አንድ ጊዜ ካያችሁት ከዚያ በኋላ ዓይናችሁ ይለምደዋል። ጉዳቱ ጊዜ መፍጀቱ ነው፤ ለጀማሪ አንድ ራኬት ሁለት ሰዓት ቢወስድ የሚገርም አይደለም። ክሩን ሳይለቅ ዘንጉን መልሶ ማንሳት የሚያስችል ቆጣሪ ጥርስ ያለውን ምረጡ፤ ያ ከሌለ ዘንጉ ባዘነበለ ቁጥር ክሩን ፈትቶ እንደገና መያዝ ሊመጣ ነው።

ብረቱ የጠፋበትን ማሽን በርካሽ ሲያቀርቡላችሁ ቆም በሉ። ቶርኖ ቤት ሌላ ማስቀረጽ ይቻላል፣ ኮምቦልቻ ለዚህ አትቸገሩም፤ ግን ልኩ በግራም መግባት አለበት። ክሩን የሚይዘው ጥቅል ከመሐሉ እስከ ጠርዙ 2.5 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና ብረቱ ከመሐሉ 25 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢቀመጥ፣ ኃይሉ አሥር እጥፍ ይሆናል። ብረቱ ላይ የ100 ግራም ስህተት ክሩ ላይ 1 ኪሎ ሆኖ ይወጣል።

ባለ እጀታው በሞላ የሚሠራ ነው። እጀታውን ታዞራላችሁ፣ የተሞላው ልክ ሲደርስ ፍሬኑ ቀጭ ብሎ ይቆልፋል። ፈጣን ነው። ነገር ግን ከተቆለፈ በኋላ መሳብ ያቆማል፤ ክሩ ግን መለጠጡን ይቀጥላል። በዚህ ምክንያት በተመሳሳይ ቁጥር የተወጠረ ራኬት ከባለ ክብደቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ የላላ ሆኖ ይገኛል። እጀታውን አንዴ በፍጥነት አንዴ በዝግታ ማዞርም ውጤቱን ይለያየዋል፤ እጃችሁ አንድ ፍጥነት ይልመድ። ሞላው በዕድሜ ስለሚደክም ቁጥሩን ዝም ብላችሁ አትመኑ። የገበያ ማንጠልጠያ ሚዛን ተዋሱ፣ በክርና በሚዛን መካከል አያይዛችሁ በ20፣ በ25 እና በ28 ኪሎ ሳቡ። ልዩነቱ በሦስቱም ላይ እኩል ከሆነ ማስተካከያውን ማዞር ይበቃል። አንዱ ላይ ልክ፣ ሌላው ላይ 2 ኪሎ ጎዶሎ ከሆነ ሞላው ነው።

የላይኛውን ቁጥር መፈተሽ ለደሴ ሰው ይበልጥ ያስፈልጋል። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ኳሱም ይበራል። ተጫዋቹ ኳሱን ሜዳ ውስጥ ለማስቀረት ጠበቅ ያለ ክር ይጠይቃል። ኮምቦልቻ በብዙ ዝቅ ብላ ሞቅ ስለምትል እዚያ ያው ራኬት ትንሽ ላላ ያለ ስሜት ይሰጣል።

የኤሌክትሪኩ ማሽን ፈጣንና እኩል ነው፣ ደግሞም መሳቡን አያቋርጥም። ጉዳቱ ሁለት ነው። ጀርባው ላይ 110 ቮልት ብቻ የሚል ከአሜሪካ የመጣ ማሽን ያለ መቀየሪያ የእኛ 220 ላይ ሲሰካ ቦርዱ ይቃጠላል። ሁለተኛውና የባሰው መብራት መሐል ላይ መጥፋቱ ነው። ድሩ አልቆ ማጉ ሳይገባ ከጠፋ ያ 4 ኩንታል ራኬቱን አጣሞ ያሳድራል፤ የካርቦን ራኬት እንዲህ ሆኖ ማደር የለበትም። መብራቱ በቶሎ ካልመጣ ድሩን ቆርጦ ክሩን መክሰር ራኬቱን ከመክሰር ይሻላል።

በእኛ ግምት ለወሎ ጀማሪ የሚበጀው ስድስት ነጥብ ያለው፣ መቆንጠጫው ከገበታው የተያያዘ ባለ ክብደት ማሽን ነው። ሥራ ከበዛ ባለ እጀታ ይከተላል። ለአንዳንድ ባለ እጀታ ማሽኖች ዋይዝ 2086ን የመሰለ የኤሌክትሪክ መሳቢያ ለብቻው ስለሚገጠም፣ ገበታው ጠንካራ የሆነ አሮጌ ባለ እጀታ ነገም ያድጋል።

ከማሽኑ ጋር ፒንሳ፣ ክር መቁረጫና ወስፌ ያስፈልጋል። የሰፌዱ ወስፌ ጫፉ ስለሚሾል ቀዳዳ ሲያሰፋ ጎን ያለውን ክር ይበሳል፤ በሞረድ አደንዝዙት። ለልምምድ ፖሊስተር አትግዙ፣ ግትር ስለሆነ ቋጠሮው ያስቸግራል። 200 ሜትር የናይለን ጥቅል፣ ለአንድ ራኬት 12 ሜትር ሲታሰብ፣ ወደ 16 ራኬት ይወጣዋል።

ማሽኑ ከአዲስ አበባ በመኪና 400 ኪሎ ሜትር ያህል የሚመጣ ከሆነ ብረቱን ከዘንጉ አውጥታችሁ ለብቻው ጠቅልሉ፣ ዘንጉንም ፍቱት። ተገጥሞ ከተጫነ በየጉድጓዱ ሲመታ ዘንጉ ይጎብጣል። ደሴ ሲደርስ፣ ገና የመጀመሪያው ራኬት ሳይታሰር፣ ማንጠልጠያ ሚዛኑን እንደገና አያይዛችሁ ሳቡ።