ታፕና ፑንታ በአንድ ሳጥን፦ ከኤም 3 እስከ ኤም 12 ያለው የፊሌቶ ማውጫ ስብስብ ሲገመገም

ብረት ላይ ፊሌቶ (የብሎን ጥርስ) የሚያወጣ ባለሙያ በጣም የሚያማርረው ታፕ፣ ማለትም ጥርሱን የሚቀርጸው መሣሪያ፣ ቀዳዳ ውስጥ ተሰብሮ ሲቀርበት ነው። ታፕ ግን ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ጥራቱ ስላነሰ ሳይሆን፣ ቀድሞ የተበሳው ቀዳዳ ከሚገባው በላይ ስለጠበበ ነው። ስለዚህ ከመርካቶ ገዝቼ ወርክሾፕ ውስጥ የምሠራበትን ይህን ስብስብ ስገመግም፣ ከታፖቹ ይልቅ አብረዋቸው ስለመጡት ፑንታዎች (ቀዳዳውን የሚበሱት መብሻዎች) በቅድሚያ መናገር ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሳጥኑ ለኤም 3፣ 4፣ 5፣ 6፣ 8፣ 10 እና 12 (ቁጥሩ የብሎኑ የውጭ ዲያሜትር በሚሊ ሜትር ነው) ለእያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት የእጅ ታፕ፣ ልካቸው የሆነ አንድ አንድ ፑንታ እና ሁለት የታፕ እጀታ ይዟል።

የቀዳዳው ልክ የሚገኘው ከብሎኑ የውጭ ዲያሜትር ላይ ፒቹን፣ ማለትም ከአንድ ጥርስ እስከ ቀጣዩ ጥርስ ያለውን ርቀት፣ በመቀነስ ነው። የኤም 6 ፒች 1 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ፑንታው 5 ይሆናል። የኤም 8 ፒች 1.25 በመሆኑ ስሌቱ 6.75 ይሰጣል፤ በተግባር የሚሠራበት ግን 6.8 ነው። በዚሁ ስሌት ለኤም 3 የሚሆነው 2.5፣ ለኤም 4 3.3፣ ለኤም 5 4.2፣ ለኤም 10 8.5፣ ለኤም 12 ደግሞ 10.2 ነው። በብዙ ወርክሾፖች የሚገኘው የተለመደው ባለ 19 ፍሬ የፑንታ ሳጥን ከ1 እስከ 10 በግማሽ ሚሊ ሜትር እየጨመረ የሚሄድ በመሆኑ ከእነዚህ ውስጥ 2.5፣ 5 እና 8.5 ብቻ ይገኙበታል። 3.3፣ 4.2፣ 6.8 እና 10.2 የሉትም። ሠራተኛው በእጁ ያለውን 6.5 ወይም 7 አንስቶ ለኤም 8 የሚበሳው ከዚህ የተነሣ ነው፤ የዚህ ስብስብ ትልቁ ጥቅምም ይህንን ክፍተት መሙላቱ ነው።

የሦስት ዐሥረኛ ሚሊ ሜትር ልዩነት ቀላል ቢመስልም ውጤቱ ቀላል አይደለም። በ6.8 የተበሳ የኤም 8 ቀዳዳ ከሙሉው የጥርስ ጥልቀት ወደ 74 በመቶ የሚሆነውን ሲይዝ፣ በ6.5 የተበሳው ወደ 92 በመቶ፣ በ7 የተበሳው ደግሞ ወደ 62 በመቶ ይይዛል። 92 በመቶ መያዙ ለፊሌቶው የሚጨምርለት ጥንካሬ ጥቂት ነው፤ ታፑን ለማዞር የሚጠይቀው ጉልበት ግን በእጅጉ ስለሚጨምር ታፑ የሚሰበረው በዚህ ጊዜ ነው። በ7 መብሳት ሁልጊዜ ስሕተት አይደለም፤ እንደ አይዝጌ ብረት ባለ ጠንካራ ነገር ላይ ቀዳዳው ጥልቅ ከሆነ ሆን ተብሎ ሊደረግ ይችላል። በስስ ላሜራ ወይም በአሉሚኒየም ላይ ግን ብሎኑ ሲጠብቅ ጥርሱ ተልጦ የመውጣት ዕድል አለው።

ፑንታዎቹን የሞከርሁት 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ለስላሳ ብረት ላይ ነው። ብረቱን በሞርሳ አሥሬ፣ የቀዳዳውን መሀል ምልክት አድርጌ በ6.8 ከበሳሁት በኋላ በካሊፐር ስለካው ቀዳዳው ከፑንታው እምብዛም አልሰፋም። ይህም የፑንታው ሁለቱ የመቁረጫ ከንፈሮች እኩል መሳላቸውን ያሳያል፤ አንደኛው ከረዘመ ፑንታው ከልኩ አስፍቶ ስለሚበሳ፣ በላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ትርጉም ያጣል። ከዚያ ዘይት ጠብ አድርጌ አንድ ቀለበት የተቀረጸበትን የመጀመሪያውን ታፕ አስገባሁ። ግማሽ ዙር ወደ ፊት እየሄድሁ ሩብ ዙር ወደ ኋላ ስመልሰው ብናኙ ቀጭ ብሎ ሲቆረጥ በእጅ ይሰማል። ሁለት ቀለበት ያለው ሁለተኛው ታፕና ቀለበት የሌለው የመጨረሻው ያለ ምንም ትግል ተከተሉት፤ ብሎኑም በጣት ብቻ እስከ መጨረሻው ገባ። ለአሉሚኒየም ከዘይት ይልቅ ነጭ ጋዝ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ጊዛ፣ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት፣ ሲሆን ግን በደረቁ መሥራት ይቻላል።

ስብስቡ ጉድለት የለውም ማለት አልችልም። ትንሹ እጀታ የኤም 3ን ታፕ አራት ማዕዘን ጫፍ አጥብቆ ስለማይዝ ታፑ ይወላገዳል፤ በዚህ መጠን ደግሞ ትንሽ መወላገድ እንኳ ለመሰበር ይበቃል። የ10.2ቱ ፑንታ እግር እንደ አካሉ ወፍራም ስለሆነ አፉ እስከ 10 ሚሊ ሜትር ብቻ በሚከፈት ትራፓኖ (የመብሻ ማሽን) አይገባም፤ ባለ 13 ትራፓኖ ያስፈልጋል። የ2.5 እና የ3.3 ፑንታዎች ቶሎ ስለሚሰበሩ መለዋወጫቸውን አብሮ መግዛት ይሻላል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ክዳኑ ላይ የተለጠፈው ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡ ሻካራውን፣ ማለትም የተለመደውን ሰፊ፣ ፒች ብቻ ስለሚያሳይ፣ የመኪና ጥገና የሚሠራ ሰው ኤም 10 ሁሉ አንድ ዓይነት ሊመስለው ይችላል። በጃፓን መኪኖች ላይ በብዛት የሚገኘው 10 በ1.25 (ዲያሜትሩ 10፣ ፒቹ 1.25) የሚፈልገው ፑንታ 8.8 ሲሆን፣ በዚያ ቀዳዳ የሳጥኑን 1.5 ፒች ታፕ ያስገባ ሰው የነበረውን ጥርስ ያጠፋዋል። ለ12 በ1.5 የሚሆነው 10.5፣ ለ12 በ1.25 የሚሆነው 10.8 ነው። ብዙ ካንዴላዎች (የሞተር እሳት ማስነሻዎች) የሚገቡበት 14 በ1.25 ደግሞ ጭራሹኑ በሳጥኑ ውስጥ የለም። ስለዚህ ስብስቡን ለበርና መስኮት፣ ለማሽን ጥገናና ለአጠቃላይ የብረት ሥራ በሙሉ ልብ እመክራለሁ፤ ጋራዥ ያለው ሰው ግን ደቃቅ ፒች ያላቸውን ታፖች ከነፑንታቸው ለብቻ መግዛት ይኖርበታል። ገንዘብ ከመክፈል በፊት ሳጥኑን አስከፍቶ የ6.8ቱንና የ4.2ቱን ፑንታ በካሊፐር መለካት፣ ታፖቹም ላይ ኤችኤስኤስ (ለመቁረጫ መሣሪያ የሚሆን ጠንካራ ብረት መሆኑን የሚያሳይ ምልክት) የሚል ጽሑፍ መኖሩን ማየት ያስፈልጋል።