የካርል ባርክስ ዳክዬዎች በወፍራም ጥራዝ፦ ከወራት ንባብ በኋላ

ለወራት የተነበበው ጥራዝ አሜሪካዊው የኮሚክ (በሥዕል የሚተረክ ታሪክ) ሠዓሊ ካርል ባርክስ ከ1940ዎቹ መጨረሻ እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ የሠራቸውን የዲዝኒ ዳክዬዎች፣ የዶናልድ ዳክና የባለጸጋ አጎቱ የአንክል ስክሩጅ፣ ታሪኮች የያዘ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሽፋኑ ጠንካራ ነው፤ ገጹ ከ200 ይበልጣል። ለማነጻጸር ያህል በዚያው ዘመን የታተሙ፣ በስቴፕል የተያያዙ ቀጫጭን እትሞችና በታብሌት የሚነበብ ቅጂ ከጎኑ ነበሩ። ፍርዱን ከወዲሁ ልናገር፦ ታሪኮቹ ደጋግመው ቢነበቡም አይሰለቹም፤ የሚያረጀው ጥራዙ ነው። ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው አጥብቆ መመርመር ያለበትም አታሚው የባርክስን መስመር ሳያበላሽ አድርሶታል ወይ የሚለውን ነው።

ታሪኮቹ የማይሰለቹበት ምክንያት ገጹ ላይ በግልጽ ይታያል። ባርክስ ከ1935 ጀምሮ በዲዝኒ ስቱዲዮ ሠርቶ በ1942 ለቀቀ፤ ከ1943 ጀምሮ ደግሞ ለወርኃዊ መጽሔት ባለ 10 ገጽ የዶናልድ ታሪኮችን ያቀርብ ነበር። ገጹ አብዛኛውን ጊዜ 4 ረድፍ አለው፤ በየረድፉ 2 ፍሬም (አንድ ሥዕል የያዘ ሣጥን)፣ በድምሩ 8። የመጀመሪያው ገጽ ላይ አርዕስቱ ቦታ ስለሚሻማ አንድ ሙሉ ታሪክ 80 ፍሬም እንኳ አይሞላም። በዚህች ጠባብ ቦታ ዶናልድ አንድ ሙያ ይጀምራል፣ ይሳካለታል፣ ይታበያል፣ ነገሩ ከእጁ ያመልጣል፣ በመጨረሻም በላዩ ላይ ይፈርሳል። ትርፍ ፍሬም ማግኘት ይከብዳል። አንዱን በእጅ ሸፍኖ ታሪኩን ለመከተል መሞከር ጥሩ ፈተና ነው፤ ሁለት ፍሬም አልፎ የሚመጣው ቀልድ ወዲያው ምክንያቱ ይጠፋበታል።

በ1952 የወጣውን፣ ስክሩጅ በራሱ ስም መጽሔት የጀመረበትን ታሪክ ቀረብ ብለን እንየው። ስክሩጅ ራሱ ከዚያ በፊት፣ በ1947 መጨረሻ፣ በአንድ የገና ታሪክ ውስጥ የተፈጠረ ጨቅጫቃ ሽማግሌ ነበር። በ1952ቱ ታሪክ ሀብቱን ከቢግል ቦይስ ሌቦች ለማዳን በግድብ በታቆረ ሐይቅ ሥር ይደብቀዋል። ከዚህ በኋላ ነገሩን የሚመራው የውሃ ጠባይ ነው፦ ግድቡ ከተነደለ ውሃው ቁልቁል ይሄዳል፤ ውሃው ከሄደ ገንዘቡም አብሮት ይሄዳል፤ እንግዲያው ከግድቡ በታች ያለው መሬት የማን ነው? ይህን ጥያቄ አንባቢው ከገጸ ባሕርያቱ እኩል ይደርስበታል፤ ደስታውም እዚያ ላይ ነው። ከሁሉ የሚገርመው የመነሻው ነገር ነው። ታሪኩ ሲከፈት ሽማግሌው በሳንቲም ክምር ውስጥ እየጠለቀ ይዋኛል። ቀልድ ብቻ ይመስላል። መጨረሻ ላይ ግን ሀብቱን የሚያስመልሰው ይኸው ችሎታ ነው፤ ሌቦቹ እንደ እሱ ዘለው ሊጠልቁ ሲሞክሩ ጭንቅላታቸውን ከብረቱ ጋር ያላትማሉ። መጨረሻውን አውቆ መመለስ ንባቡን አይጎዳውም፤ እንዲያውም የመጀመሪያው ገጽ በሁለተኛ ንባብ ሌላ ገጽ ይሆናል።

ሥዕሉም እንደ ታሪኩ ነው። የዳክዬዎቹ አካል በጥቂት መስመሮች ይቆማል፤ ቁጣ፣ ድንጋጤ፣ ተንኮል የሚነበቡት ከምንቃሩ ጥምዝ፣ ከዐይን ሽፋኑና ከላባው መቆም ነው። ከኋላቸው ያለው ተራራ፣ መርከብ፣ ፍርስራሽ ግን እውነተኛውን ዓለም ተከትሎ የተሣለ ነው፤ ባርክስ ለዚህ የናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ሥዕሎችን ይጠቀም ነበር። አንባቢው ቀለል ብሎ በተሣለው እንስሳ ውስጥ ራሱን ያስገባና ዝርዝሩ በተሟላው ዓለም ውስጥ ይዘዋወራል። ተራ የእንስሳት ኮሚክ ይህን የሚያጣው ሁለቱንም እኩል ሲያቀልላቸው ነው፤ ዳክዬው ሊወድቅ የሚችልበት ገደል ከሌለ አደጋውም አይታመንም። የባርክስ ስም በመጽሔቶቹ ላይ አይታተምም ነበር፤ የሚወጣው የዲዝኒ ስም ብቻ ነው። አንባቢዎች ግን ከመስመሩ ለይተው አውቀውት “ጎበዙ የዳክዬ ሠዓሊ” ይሉት ነበር። ትክክለኛ ስሙን አፈላልገው ያገኙት ወደ 1960 ገደማ ነው።

እንግዲህ ዋጋው ሁሉ በመስመሩ ላይ ከሆነ ወረቀቱና ቀለሙ ትንሽ ነገር አይደሉም። የድሮዎቹ እትሞች በጋዜጣ ወረቀት ላይ በ4 ቀለም ታትመዋል፦ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር፤ ፈዘዝ ያሉት ቀለሞች የሚገኙት በጥቃቅን ነጠብጣቦች ነበር። ግራጫው ወረቀት ቀለሙን ይጠጣና ያበርደዋል። ያንኑ ቀለም መጠኑን ሳይቀንሱ በነጭና በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ሲያትሙት ዐይን ይወጋል፤ መብራት ሥር ሲነበብም ገጹ ነጸብራቅ ይመልሳል። የተሻለው ወረቀት የማያብለጨልጭ፣ ትንሽ ወደ ክሬም የሚያደላና ከበስተጀርባው ያለውን ገጽ የማያሳይ ነው። ቀለሙ ራሱ ጥላና ብርሃን ያልተጨመረበት ወጥ ቀለም መሆን አለበት። አንዳንድ ዘመናዊ እትሞች በኮምፒውተር ጥላና ብርሃን ጨምረው ዳክዬውን እንደ ፊኛ ያሳብጡታል፤ ያኔ ቅርጽን የሚሠራው የብዕር መስመር ከጥላው ጋር መፎካከር ይጀምራል። ከመግዛት በፊት የሌሊት ትዕይንት ያለበትን ገጽ መክፈት ይበቃል፦ ወጥ ሰማያዊ ላይ ጥቁሩ መስመር ጥርት ብሎ ከታየ ጥሩ ነው። ቀጫጭኖቹ የጣትና የላባ መስመሮች ተቆራርጠው ወይም አብጠው ከታዩ ምንጩ ከአሮጌ እትም የተነሣ መጥፎ ቅጂ ነው፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ጥሩ ወረቀት አያድነውም።

መጠኑም ልዩነት ያመጣል። የ1950ዎቹ እትም 18.5 በ26 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ገጹን በኪስ መጽሐፍ ልክ ያሳነሱ እትሞች ለመያዝ ይመቻሉ፣ የሚጎዱት ግን ፊደሉን ነው። የ1950ዎቹ ብዙዎቹ ታሪኮች ፊደል የተጻፈው በባለቤቱ በጋሬ ባርክስ እጅ ነው፤ የጩኸቱና የሹክሹክታው ልዩነት በፊደሉ ውፍረት ስለሚገለጽ ከመጀመሪያው መጠን ብዙ ሲያንስ ድምፁ አንድ ወጥ ይሆናል።

ወደ ጥራዙ ስንመጣ፣ በወራት አገልግሎት ውስጥ መጀመሪያ የደከመው ሽፋኑን ከገጾቹ ጋር የሚያያይዘው የውስጥ ወረቀት ነው፤ በመታጠፊያው መስመር ላይ ከላይ በኩል መሰንጠቅ ጀምሯል። መንስኤው ክብደት ነው። ከ200 በላይ ወፍራም ገጾች ያሉት ጥራዝ በመደርደሪያ ላይ ያለ ደጋፊ ሲቆም ገጾቹ ወደ ፊትና ወደ ታች ይጎተታሉ፤ ጭነቱ ሁሉ በዚያች ወረቀት ላይ ያርፋል። መድኃኒቱ ግራና ቀኙን በእኩል ቁመት ባላቸው መጻሕፍት መደገፍ፣ ካልሆነም ማጋደም ነው። ከመደርደሪያ ሲያወጡትም ከላይ ጫፉን አይስቡ፤ የጎረቤቶቹን መጻሕፍት ወደ ውስጥ ገፋ አድርጎ መሐል ጀርባውን መያዝ ይሻላል። ለተሰነጠቀው ቦታ የመጻሕፍት ጠጋኞች የሚጠቀሙበት ነጭ ፒቪኤ ሙጫ በቀጭን ብሩሽ ይገባል፤ ሰም የተቀባ ወረቀት መሐሉ ላይ ተደርጎ ተዘግቶ፣ ክብደት ተጭኖበት ያድራል። ስኮች ግን አይነካው፤ ሙጫው ከጊዜ በኋላ ቡናማ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚለቅ አይደለም።

የተሰፋና በሙጫ ብቻ የተያዘ ጥራዝን መለየት ቀላል ነው። የጀርባውን ጫፍ ከላይ ሲያዩት ገጾቹ በትናንሽ እጥፍ እጥፍ እሽጎች ተከፋፍለው ከታዩና በአንዱ እሽግ መሐል ክር ካለ የተሰፋ ነው። በሙጫ ብቻ የተያያዘው በደንብ ስለማይከፈት የውስጠኛው ፍሬም ጠርዝ ይዋጣል፤ አንባቢው እሱን ለማየት ሲጫን ደግሞ ጀርባው ይሰበራል፣ ገጾቹም ይለቃሉ። አዲስ ጥራዝ ጠረጴዛ ላይ በጀርባው ቆሞ ጥቂት ገጽ ከፊት፣ ጥቂት ገጽ ከኋላ እያፈራረቁ በጣት ቀስ ብሎ መጫን ያስፈልጋል፤ ወደ መሐሉ እስኪደረስ ድረስ። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

የድሮዎቹን ቀጫጭን እትሞች የያዘ ሰው ሌላ ጣጣ አለበት። ወረቀቱ በአብዛኛው ከተፈጨ እንጨት የተሠራ ስለሆነ ሊግኒን (የእንጨቱን ቃጫ የሚያያይዝ ንጥረ ነገር) አለው፤ ሊግኒኑ በብርሃንና በአየር ይጠቁራል፣ በውስጡ ያለው አሲድ ደግሞ ቃጫውን እየቆራረጠ ያደርቀዋል። ስለዚህ በፖሊስተር ወይም በፖሊፕሮፒሊን ከረጢት ውስጥ፣ ከኋላው ከአሲድ ነፃ የሆነ ካርቶን ተደርጎ፣ በጨለማ ሣጥን ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ፒቪሲ የተባለው ፕላስቲክ አይሆንም፤ የሚለቀው ኬሚካል ቀለሙን ይጎዳል። እርጥበቱ ከ35 እስከ 50 በመቶ ቢሆን መልካም ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ስቴፕሉ ይዝግና ዝገቱ የመሐለኛውን ገጽ ይበላል። ከፍተኛ ሙቀትም የሙቀቱ መዋዠቅም ይጎዳል፤ ጣሪያ ሥርም ምድር ቤትም ማኖር የማይመከረው ለዚህ ነው። ሲነበብ በተዘረጉ መዳፎች ላይ ይያዛል፣ ሽፋኑ ወደ ኋላ አይታጠፍም። ታሪኮቹን ማንበብ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ጥራዙ የሚመረጥበት ትልቁ ምክንያትም ይኸው ነው።

ታብሌቱ ለፊደሉ ይረዳል፤ አስፍቶ ማየት ይቻላል። ነገር ግን ፍሬሞቹን አንድ በአንድ የሚያሳየውን አሠራር መዝጋት ያስፈልጋል። የ8ቱ ፍሬም ምት የሚሰማው ገጹ በሙሉ ሲታይ ነው። በተለይ ባርክስ በቀኙ ገጽ መጨረሻ ላይ የሚተዋት ጥያቄ፣ ገጽ የምታስገልጠዋ፣ እዚያ ትሞታለች።

ከባድ ጉድለት አንድ አለ፤ የሚታለፍም አይደለም። ታሪኮቹ ወደ ሩቅ አገር ሲጓዙ የሚያሳዩአቸው ሕዝቦች ብዙ ጊዜ የተሣሉት በዘመኑ የንቀት ዐይን ነው። በ1949 የወጣው የዞምቢ ታሪክ ውስጥ ያሉት የአፍሪካውያን ሥዕሎች ዛሬ ሲታዩ ያሳምማሉ፤ በኋላ የታተሙ አንዳንድ እትሞችም ፊቶቹን ለውጠዋቸዋል። ያልተለወጠውን ከማብራሪያ ጋር የሚያቀርብ እትም ለአዋቂ ይሻላል፤ ለልጅ ግን ያ ታሪክ ያለበትን ቅጽ ማዘግየት ወይም አብሮ ተቀምጦ ማንበብ ይገባል። በዚያው ዓመት የወጣው የአንዲስ ተራሮች ታሪክ፣ እንቁላሉም ዶሮውም ባለ አራት ማዕዘን የሆነበት፣ ለመጀመሪያ ንባብ የበለጠ ይመረጣል። ከ1948 እስከ 1954 ካሉት መጀመር ጥሩ ነው። ባርክስ በ1966 ጡረታ ከመውጣቱ በፊት በነበሩት የመጨረሻ ዓመታት የተሠሩት ቀጠን ይላሉ፤ ዳራው ይሳሳል፣ የምክንያት ሰንሰለቱም ይላላል።

ጥራዙን ካነበበ በኋላ ከድሮዎቹ አንዱን ለመግዛት የሚያስብ ሰው ገጹን አንድ በአንድ ይቁጠር። የ1950ዎቹ የተለመደ እትም ከሽፋኑ ውጭ 32 ገጽ አለው። የመሐለኛው ቅጠል ከስቴፕሉ ላይ በቀላሉ ስለሚላቀቅ ቀድሞ የሚጠፋው እሱ ነው፤ ሳይታወቅም ይቀራል፤ ምክንያቱም አራት ገጽ አብረው ስለሚሄዱ የግራና የቀኝ አሰላለፉ አይዛባም። ቀጥሎ ማስታወቂያ ያለባቸውን ገጾች ይመልከት፤ ልጆች የስጦታ ኩፖን ሲቆርጡ ከጀርባው ያለውን የታሪኩን ፍሬም አብረው ቆርጠውታል።