ባለ 1 ቴራባይት ውጫዊ ኤስኤስዲ ከስምንት ወር አገልግሎት በኋላ፦ ባክአፑ ለምን ይንቀራፈፍ ነበር?

ይህን ውጫዊ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ማከማቻ) የገዛሁት በመስከረም ሲሆን፣ እስከ ያዝነው ግንቦት ድረስ በአንዲት አነስተኛ የሠርግ ፎቶና ቪዲዮ ስቱዲዮ ውስጥ በየሳምንቱ ሲሠራበት ቆይቷል። በእኛ ሥራ የጠፋ ፋይል መተኪያ የለውም፤ ሙሽሮችን እንደገና ኬክ ቁረሱ፣ እናትን እንደገና መርቁ ማለት አይቻልም። ስለዚህ ከካሜራ ካርድ ወደ ኮምፒውተር የገባ ሥራ ሁሉ ካርዱ ከመደምሰሱ በፊት በሌላ ዕቃ ላይ መቀዳት፣ ማለትም ባክአፕ መደረግ አለበት። ኤስኤስዲውን የመረጥሁትም ለዚህ ነበር፤ ካርቶኑ በሰከንድ እስከ 1,050 ሜጋባይት እንደሚያነብና ከዚያ በማይርቅ ፍጥነት እንደሚጽፍ ይናገራል።

ጥር ሲገባና ሠርግ በላይ በላዩ ሲደራረብ ችግሩ ጎልቶ ወጣ። የአንድ ሠርግ ሥራ 320 ጊጋባይት ገደማ ቢሆን፣ ባክአፑ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ማታ አምስት ሰዓት ከአዳራሽ ተመልሶ ለነገ ጠዋት ካርድ ባዶ ማድረግ ላለበት ሰው ይህ እንቅልፍ የሚያሳጣ ነው። በወቅቱ የጠረጠርሁት ዕቃው አስመስሎ የተሠራ እንዳይሆን ነበር። አቅሙን በሐሰት የሚያሳይ ማከማቻ በየገበያው ስለሚገኝ፣ ኤስኤስዲውን በነፃ የሙከራ ፕሮግራም ከዳር እስከ ዳር ሞልቼ መልሼ አስነበብሁት፤ የተጻፈው ሁሉ ሳይጎድል ተነበበ። ዕቃው እውነተኛ ነበር።

ዐቢይ ጾም ገብቶ ሠርግ ሲያርፍ ነገሩን በሚገባ ለመመርመር ጊዜ አገኘሁ። ፍንጩን የሰጠኝ ፍጥነቱ ራሱ ነበር፤ አንድ ትልቅ የቪዲዮ ፋይል ብቻውን ስቀዳ በሰከንድ 38 ሜጋባይት ላይ ቆሞ አይወጣም፣ አይወርድም። የደከመ ወይም የጋለ ዕቃ ፍጥነቱ ይዋዥቃል እንጂ እንዲህ አይረጋም። ከ35 እስከ 40 ሜጋባይት ላይ የሚረጋ ፍጥነት የዩኤስቢ 2.0፣ ማለትም የቆየው የኮምፒውተር ማገናኛ ደረጃ፣ መለያ ነው፤ ይህ ደረጃ በሰከንድ 480 ሜጋቢት ያስተላልፋል ቢባልም፣ ስምንት ቢት አንድ ባይት ስለሆነ 60 ሜጋባይት ማለት ነው፤ ከዚያም ላይ የመገናኛው ሥርዓት ራሱ የሚወስደው ሲቀነስ በእጅ የሚቀረው ከላይ የጠቀስሁት ነው። ቢትንና ባይትን ሳይለዩ ስለ ፍጥነት መነጋገር ብዙ ሰው ያደናግራል፤ ሻጮችም ቢሆኑ ሲያምታቱት ሰምቻለሁ።

ጥፋቱ የኬብሉ ነበር። ከኤስኤስዲው ጋር የመጣው ኬብል ከአንድ ክንድ ስለማይበልጥ ከኮምፒውተሩ ጀርባ እስከ ጠረጴዛው አይደርስም፤ እኔም ረዘም ያለ የስልክ ቻርጀር ኬብል ተክቼበት ነበር። የታይፕ ሲ መሰኪያ ቅርጹ አንድ ቢሆንም፣ ለስልክ ቻርጅ የሚሸጡት አብዛኞቹ ኬብሎች ውስጥ ለፈጣን ዝውውር የሚያስፈልጉት ሽቦዎች የሉም፤ መረጃ የሚያስተላልፉት በዩኤስቢ 2.0 ደረጃ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ኬብል መልሼ በፊት ለፊት ባለው ፖርት (የመሰኪያ ቀዳዳ) ላይ ብሰካም ለውጥ አላየሁም፤ በእኔ ኮምፒውተር የፊቱ ፖርቶች የ2.0 ናቸውና። ከኋላ ካለው ሰማያዊ ፖርት ጋር ሳገናኘው ግን ፍጥነቱ ወደ 430 ሜጋባይት ዘለለ። 1,050 አለመድረሱ አላስከፋኝም፤ ያ ፖርት ባለ 5 ጊጋቢት ሲሆን፣ የካርቶኑ ቁጥር የሚገኘው በባለ 10 ጊጋቢት ፖርት ብቻ ነው። ዩኤስቢ 3.0፣ 3.1 ጄን 1 እና 3.2 ጄን 1 የሚባሉት ሦስት ስሞች የአንድ ባለ 5 ጊጋቢት ፍጥነት ስሞች መሆናቸውን ገዢ ሁሉ ቢያውቀው ብዙ ገንዘብ ያድናል።

ከዚህ በኋላ የታየው ድክመት ግን የራሱ የኤስኤስዲው ነው። ቅጂው በ430 ይጀምርና ወደ 45 ጊጋባይት ከተጻፈ በኋላ ወደ 140 ሜጋባይት ይወርዳል። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ በእያንዳንዷ የማህደር ሕዋስ ሦስት ወይም አራት ቢት የሚያጭቁ ዕቃዎች ቀስ ብለው ስለሚጽፉ፣ ከነፃው ቦታ ከፊሉን አንድ አንድ ቢት ብቻ እየጻፉበት እንደ ፈጣን መቀበያ ይጠቀሙበታል፤ መቀበያው ሲሞላ እውነተኛው ፍጥነት ይገለጣል። ካርቶኑ የሚናገረው የጽሕፈት ፍጥነት የመቀበያው ብቻ ነው። ትላልቅ ቪዲዮዎችን ለሚቀዳ ሰው የሚጠቅመው ግን መቀበያው ከሞላ በኋላ ያለው ቁጥር ስለሆነ፣ አምራቾች ይህንን ሳይገልጹ መሸጣቸው ተገቢ ነው ብዬ አላምንም። መቀበያው ከነፃ ቦታ ጋር አብሮ ስለሚጠብም፣ ኤስኤስዲው ዘጠኝ አሥረኛው በሞላበት ሳምንት ፍጥነቱ ገና ከጥቂት ጊጋባይት በኋላ መውረድ ይጀምር ነበር። አሮጌ ሥራዎችን አንሥቼ አንድ አምስተኛውን ነፃ ሳደርግና በዊንዶውስ የዲስክ ማመቻቻ ሳስኬደው ወደ ቀድሞ ጠባዩ ተመለሰ።

ሌላው አዝጋሚ ነገር ትንንሽ ፋይሎች ነበሩ። የፎቶ ማረሚያው ፕሮግራም ለቅድመ እይታ የሚፈጥራቸው ከመቶ ሺህ የሚበልጡ ቅንጣቢ ፋይሎች ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ወደ አንድ አሃዝ ሜጋባይት ይወርዳል፤ እያንዳንዱ ፋይል ተከፍቶ፣ ተመዝግቦ፣ በጸረ ቫይረሱ ተፈትሾ ስለሚዘጋ ነው። ፕሮግራሙ እነዚህን ፋይሎች ከዋናዎቹ ፎቶዎች መልሶ ሊፈጥራቸው ስለሚችል ከባክአፑ አስወጣኋቸው። ጸረ ቫይረሱን ግን አላጠፋሁም፤ የደንበኞች ፍላሽ በየቀኑ በሚሰካበት ኮምፒውተር ላይ ማጥፋት አደገኛ ነው።

በኤስኤስዲው ሳይሆን በኮምፒውተሩ ማህደር ውስጥ ያለውን የጽሕፈት መቀበያ በሚመለከት ዊንዶውስ 10 ከስሪት 1809 ጀምሮ ለውጫዊ ዲስኮች በነባሪነት የሚመርጠው በፍጥነት ለመንቀል የሚያመቸውን አሠራር ነው። ለፍጥነት የሚያደላውን ሞክሬ ያገኘሁት ጭማሪ ጥቂት ነበር። መብራት በድንገት በሚጠፋበት አካባቢ፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) በሌለው ኮምፒውተር ላይ፣ ተጻፈ የተባለው መረጃ ገና በኮምፒውተሩ ማህደር ውስጥ እያለ ሊጠፋ ስለሚችል ወደ ነባሪው መልሼዋለሁ። ሙቀትን በተመለከተ ኤስኤስዲውን ከኮምፒውተሩ ሣጥን አናት ላይ አንሥቶ ጠረጴዛ ላይ ማኖር በቂ ሆኗል።

ከፋሲካ በኋላ በተመለሱት ሠርጎች ያው 320 ጊጋባይት በሠላሳ አምስት ደቂቃ ውስጥ እየተቀዳ ነው። በስምንት ወሩ አንድም ፋይል አልተበላሸብኝም፤ ሁለት ጊዜ ከጠረጴዛ ወድቆም ሥራውን ቀጥሏል። ለዕለታዊ ባክአፕ ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ፤ በአንድ ጊዜ ብዙ መቶ ጊጋባይት ለሚጽፍና ደቂቃ ለሚቆጥር ባለሙያ ግን መቀበያው ሲሞላ ፍጥነቱ የማይወርድ፣ ዋጋውም ከፍ ያለ ዕቃ ይሻለዋል። ኤስኤስዲ ኃይል ሳያገኝ ለዓመታት በመሳቢያ እንዲቀመጥ የተሠራ ስላልሆነም፣ ያለቁ ሥራዎችን ወደ ተለመደው ሃርድ ዲስክ ማዛወሬን አልተውሁም። አሁን የሚያሳስበኝ የመሰኪያው መላላት ነው፤ ባለፈው ወር ኬብሉ ሲነካ ሁለት ጊዜ ግንኙነቱ ተቋርጧል፤ ለዚህም ያንኑ 5 ጊጋቢት የሚያስተላልፍ፣ አንድ ሜትር የሚሆን ኬብል ገዝቼ ከጠረጴዛው እግር ጋር አሥሬዋለሁ።