የእንጨት ቺፕስ ንግድ፦ የቬትናም መንገድ ወይስ የአውስትራሊያ?

በደሴና በኩታበር ደጋ ባሕር ዛፍ የብዙ ሰው ባንክ ነው። እኛ አጣናውን ለግንባታ፣ ቅርንጫፉን ለማገዶ እንሸጣለን። ቬትናምና አውስትራሊያ ግን እንጨቱን በትንንሹ ከትክተው (ቺፕስ የሚባለው ይህ ነው) በመርከብ ለወረቀት ፋብሪካ ይልካሉ። የማን አካሄድ ይሻላል?

ዛፉ፦ ቬትናም በብዛት አካሺያ (የግራር ዘመድ) ትተክላለች፤ በ5 ወይም በ6 ዓመቱ ይቆረጣል። አውስትራሊያ ነጭ ባሕር ዛፍ፣ ያውም የእኛ ደጋ ላይ ያለውን ዘር፤ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ይጠበቃል። (አካሺያውም መነሻው ወደዚያው አካባቢ ነው።)

ባለቤቱ፦ አውስትራሊያ ኩባንያና ማሽን ነው። ቬትናም ብዙው የገበሬ ማሳ ነው። ገበሬው ሲቸግረው ዛፉ ሳይደርስ ይቆርጣል። ልጅ ለመዳር ሲል ለጋ ባሕር ዛፉን የሸጠ የወሎ ሰው ይህን አይስተውም። ቀጭን ግንድ ለቺፕስ ይበቃል፤ ደህና ጣውላ ግን አይወጣውም።

ገበያው፦ ሁለቱም በዋናነት ቻይናና ጃፓን። በብዛት እ.ኤ.አ. ከ2010ዎቹ ወዲህ ቬትናም ቀድማለች።

ጭነቱ፦ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። እርጥብ ቺፕስ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው፤ ዋጋው ትንሽ፣ ቦታ አያያዙ ብዙ። ሁለቱም አገሮች ወደብ አጠገባቸው ነው። ከኮምቦልቻ በሚሌ አድርጎ ጅቡቲ ድረስ በመኪና ውኃ መጫን ግን ያከስራል።

እና ማን ለማን? ጥማድ መሬትና ቶሎ የሚደርስበት ወጪ ላለው የቬትናም ይቀርበዋል። ሰፊ መሬት፣ ማሽንና ትዕግሥት ላለው የአውስትራሊያ። ወደብ ለራቀው ደግሞ እስከዚያው አጣናው ያዋጣል።