ኤሌክትሪክ ያለበት ሽቦ ላይ ዜሮ የሚያሳይ መልቲሜትር

ለጥገና ሥራ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ልትገዙ ካሰባችሁ ከዋጋው በፊት ሻጩን ይህን ጠይቁት፦ ማዞሪያውን ቮልት ላይ ሳደርገው የሚነሣው በኤሲ (እንደ ቤት መብራት አቅጣጫው በሚቀያየር ኃይል) ነው ወይስ በዲሲ (እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ በሚሄድ)? ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ የምሠራበት መሣሪያ ሁለቱን በአንድ ቦታ አጣምሮ ይዟል፤ በተከፈተ ቁጥርም የሚነሣው በዲሲ ነው። ወደ ኤሲ የሚቀይር ቁልፍ አለው፣ ነገር ግን የመረጣችሁለትን አያስቀምጥም። ሲጠፋ ይረሳዋል።

ነገሩ ትንሽ የሚመስለው የኤሌክትሪክ ፓኔል ከፍቶ ለማያውቅ ሰው ነው። የቤታችን ሶኬት 220 ቮልት፣ 50 ሄርትዝ ነው። ኃይሉ በእያንዳንዱ ሰከንድ 50 ጊዜ ወደ አዎንታዊና ወደ አሉታዊ ስለሚመላለስ፣ በዲሲ የተስተካከለ መለኪያ አማካዩን ወስዶ ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ቁጥር ያሳያል። ቁጥሩ ዜሮ፣ ሽቦው ገዳይ።

እኔ የምሠራው በባሕር ዳር ሐይቅ ዳር ባሉ ሆቴሎች የውኃ ፓምፖች ላይና አልፎ አልፎም በዘጌ በኩል ባሉ ወፍጮዎች ላይ ነው። በክረምት መሬቱም ጫማውም እርጥብ ነው። አንድ ቀን መብራት ሄዶ ፓኔሉን እንደከፈትን እስኪመጣ ስንጠብቅ፣ መሣሪያው ባትሪ ለመቆጠብ እንደ ልማዱ በ15 ደቂቃ ራሱን አጠፋ። ረዳቴ አስነሣው፣ ለካና «ዜሮ ነው ጋሼ፣ ገና አልመጣም» ብሎ እጁን ወደ ኮንታክተሩ (ፓምፑን ወደሚያበራና ወደሚያጠፋው ማብሪያ) ሰደደ። «እጅህን አንሣ!» ብዬ ጮኽሁ። በስክሪኑ ጥግ የዲሲ ምልክት ይታየኝ ነበር። ቁልፉን ተጭኖ በኤሲ ሲለካ 220 አካባቢ አነበበ። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ከመተኛቱ በፊት ኤሲ ላይ የነበረ መሣሪያ ሲነቃም ኤሲ ላይ ይሆናል ብሎ ማመኑ ምን ያስወቅሰዋል?

ሻጮች የሚሉትን አውቀዋለሁ። «በመመሪያው ተጽፏል» ይላሉ። መመሪያ ይዞ መሰላል ላይ የሚወጣ ማን ነው? «ምልክቱ ስክሪኑ ላይ አለ» ይላሉ። ከሩዝ ፍሬ ያነሰች ምልክት በሐይቁ ዳር ፀሐይ ማን ይለያታል? «ራስ አጥፊውን መዝጋት ይቻላል» ይላሉ። አዎን፣ ቁልፉን ተጭኖ በማስነሣት ይዘጋል፤ እሱንም ግን ሲጠፋ ይረሳዋል። «ለመኪናና ለባጃጅ ባለሙያዎች ታስቦ ነው» የሚለው ከሁሉ የተሻለ መልስ ነው፤ እሱም ቢሆን አይረታኝም። የባጃጅ ባትሪ የሚለካ ሰው መሣሪያው ኤሲ ላይ ቢሆንበት ዜሮ አይቶ ግራ ይጋባል፤ ከ12 ቮልት የሚደርስበት ነገር የለም። የእኛ ዜሮ ግን ሰው ያስቀብራል። ታዲያ መሣሪያው የሚነሣበትን ሲወስኑ የትኛውን ሰው ማሰብ ነበረባቸው?

ሌላው ነገሩ መልካም ነው፣ አልክድም። እውነተኛ አርኤምኤስ (ሞገዱ የተዛባ ቢሆንም ትክክለኛውን የኤሲ መጠን) ስለሚለካ መብራት ሲጠፋ ሱቆች የሚሠሩባቸውን፣ የባትሪን ኃይል ወደ ኤሲ የሚቀይሩ የርካሽ ኢንቨርተሮች ቮልቴጅ በትክክል ያነባል፤ ተራ ቴስተር እዚያ ላይ ይስታል። የመለኪያ ገመዶቹም ጠንካሮች ናቸው።

አሁን በሥራ ቦታችን ያለ ማመንታት የሚፈጸም ሥርዓት አለ። መጀመሪያ ኃይል እንዳለው የምናውቀውን ሶኬት እንለካለን፣ ቀጥሎ የምንነካውን ሽቦ፣ ከዚያ እንደገና ያንኑ ሶኬት። ሶኬቱ ሁለቱንም ጊዜ 220 አካባቢ ካላነበበ በመሃል የታየው ዜሮ አይቆጠርም። ይህ በማናቸውም መለኪያ መደረግ ያለበት ነው፤ በዚህኛው ግን ሕይወታችን የተንጠለጠለው በእሱ ብቻ መሆኑ ያናድደኛል።

ለአንድ የባጃጅ ኤሌክትሪሺያን ልሸጠው ተስማምተናል፣ ጠባዩንም አስረድቼዋለሁ። እኔ የኤሲና የዲሲ ቮልት በማዞሪያው ላይ ለየብቻ ቦታ ያላቸውን እየፈለግሁ ነው፤ ባሕር ዳር ውስጥ የት እንደሚገኝ የምታውቁ ብትጠቁሙኝ ነገ ሄጄ እገዛለሁ።