ሲኖሎጂ ወይስ ያገለገለ ዴስክቶፕ? የሰርግ ፎቶ ማከማቻ ለሚገዛ

«ናስ ልገዛ ነው፣ የቱ ይሻላል?» የሚል ጥያቄ ከፎቶ ቤቶች አልቆም ብሏል። ናስ ማለት የቤቱ ኮምፒውተሮች በኔትወርክ የሚጋሩት የፋይል ማከማቻ ማሽን ነው፤ ሲኖሎጂ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ናስ ነው፣ ዴስክቶፕን ደግሞ ራሳችን ናስ እናደርገዋለን። መልሱ ከወዲሁ ይታወቅ፦ ያገለገለ ዴስክቶፕ። ሳጥን ፎቶ አይዝም፣ ዲስክ ነው የሚይዘው። ገንዘቡም እዚያው ይዋል።

መጠኑን እንይ። ሰርግና ምልሱ ተደምሮ 3,000 ሮው ፎቶ ቢነሳ፣ አንዱ ፎቶ 30 ሜጋባይት ቢሆን፣ 90 ጊጋባይት ነው። በዓመት 40 ሰርግ የሚሠራ ቤት 3.6 ቴራ ይሞላል፤ ቪዲዮው ሳይቆጠር። ባለ 4 ቴራ ዲስክ እንግዲህ የአንድ ዓመት ዕቃ ነው። አቅም ያለው ከባለ 8 ይጀምር።

በብር ዋጋ መጻፍ ትርፉ ድካም ነው፤ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የዛሬው ዋጋ ለነገ አይሠራም። በዶላር እናስላና የዕለቱን ምንዛሪ እናንተ አባዙበት። ሲኖሎጂ ዲኤስ224ፕላስ ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ 300 ዶላር ነበር፣ ያውም ባዶውን። ባለ 4 ቴራ ዲስክ 100 ዶላር ብንይዝ፣ ከሁለት ዲስክ ጋር 500 ሆነ። አንዱ ዲስክ የሌላው ግልባጭ ስለሆነ የምትጠቀሙበት 4 ቴራ ብቻ ነው፤ አንዱ ቴራ 125 ዶላር ወጣበት። በሌላ በኩል 6ኛ ወይም 7ኛ ትውልድ አይ5 ያለው፣ 8 ጊጋ ራም የያዘ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ በ100 ዶላር ብንይዝ፣ በዚያው 500 ዶላር አራት ዲስክ ይገዛል። ሁለቱ ማሽኑ ውስጥ ይገባሉ፣ ሁለቱ ባክአፕ ይሆናሉ። ሲኖሎጂ የገዛው ሰውዬ ግን ባክአፕ ገና የለውም። ርካሹ ዲኤስ223ጄ ሲወጣ 190 ዶላር ነበር፤ ነገር ግን ቢቲአርኤፍኤስ የተባለውን የፋይል ሥርዓት ስለማይቀበል ስናፕሾት፣ ማለትም ፋይሎቹ ቀድሞ የነበሩበትን ሁኔታ የሚይዝ ቅጂ፣ የለውም፤ ኤዲተሩ በስህተት የሰረዘውን ፎልደር የሚመልሰው ደግሞ ስናፕሾት ነው።

ዴስክቶፕ ሁሉ ግን አይሆንም። ቀጭኑ ሞዴል አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ በላይ አይዝም፣ ትንሿ ማይክሮ ጭራሽ ቦታ የላትም። ቆሞ የሚቀመጠውን ታወር ፈልጉና ሻጩ ፊት ክዳኑን አስከፍቱ። የሁለት ዲስክ ቦታና ማዘርቦርዱ ላይ ሦስት የሳታ (የዲስክ ገመድ የሚሰካበት) ሶኬት ካልቆጠራችሁ ተዉት፤ ሦስተኛው ሲስተሙ የሚጫንበት ትንሽ ኤስኤስዲ ነው።

ብልሽት ላይ ዴስክቶፕም ጣጣ አለው። የእነዚህ የዴልና የኤችፒ ማሽኖች ፓወር ሰፕላይ በየሱቁ የሚሸጠው ባለ 24 ፒን አይደለም፣ ባለ 6 ወይም ባለ 8 ነው። ሲቃጠል ተራው አይገጥምም፤ ስለዚህ መለዋወጫውን ማሽኑን ስትገዙ አብራችሁ ያዙ። የዲስኮቹ ኃይል ከማዘርቦርዱ በሚወጣ ገመድ ነው የሚመጣው፣ ገመዱ ሲጠፋም ሻጩ የሚሰጣችሁ ሞሌክስ ከሚባለው የቆየ የኃይል ሶኬት ወደ ሳታ የሚቀይር ገመድ ነው። ጫፉ በቀለጠ ፕላስቲክ ተደፍኖ የተሠራውን እንዳትገዙ፤ ውስጥ ያሉት ሽቦዎች ተነካክተው ሾርት ያደርጋሉ፣ ዲስኩንም ይዘውት ይሄዳሉ። ሽቦዎቹ ከኋላ አንድ በአንድ ተጭነው የገቡበት ይሻላል።

የሲኖሎጂ አዳፕተር ሲቃጠል ግን ቀላል ነው፤ የባለ ሁለት ዲስኩ 12 ቮልት 5 አምፔር ሴኪዩሪቲ ካሜራ የሚሸጡ ሱቆች ዘንድ አይጠፋም፣ ሶኬቱን ብቻ አስለኩ። ቦርዱ ከሞተ ዲስኮቹን አውጥታችሁ በሊኑክስ ማንበብ ይቻላል፣ ማሽኑን የሚጠግን ማግኘት ግን ከባድ ነው። ያገለገለ ዲኤስ415ፕላስ፣ 1515ፕላስ ወይም 1815ፕላስ በርካሽ ቢቀርብላችሁ እለፉት። የኢንቴል አቶም ሲ2000 ቺፕ ጉድለት እ.ኤ.አ. በ2017 የታወቀባቸው ናቸው፤ አንድ ቀን አልነሳም ይላሉ።

ትልቁ ኪሳራ የሚመጣው ከዲስኩ ነው። «16 ቴራ ኤስኤስዲ» ተብሎ በ30 ዶላር የሚሸጠው ኤክስተርናል ፎርጅድ ነው፤ ሲከፈት ሙጫ የተቀባች ሚሞሪ ካርድ ትገኛለች። ኮምፒውተሩ 16 ቴራ ብሎ ያሳያል፣ እውነተኛው ቦታ ሲሞላ ግን አዲሱ ፋይል አሮጌውን እየደመሰሰ ይጻፋል። ኤችቱቴስትደብሊው በተባለው መፈተሻ ፕሮግራም ሙሉውን ጽፎ መልሶ ማንበብ ይለየዋል። ሁለተኛው ማታለያ የሠራበት ሰዓት ቆጣሪ ወደ ዜሮ የተመለሰ አሮጌ ዲስክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ አውሮፓ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ሰዓት የሠሩ የሲጌት ዲስኮች አዲስ ተብለው ሲሸጡ ተደርሶባቸዋል። ክሪስታልዲስክኢንፎ የተባለው ፕሮግራም የሚያሳየው ሰዓት ይሰረዛል፤ በሲጌት ዲስክ ላይ ግን «ፋርም» የሚባለው ሌላ መዝገብ ስላለ ስማርትሲቲኤል በተባለው ፕሮግራም፣ 7.4 ወይም ከዚያ በላይ ባለው፣ አወዳድሩ። ሁለቱ ሰዓት ካልተቀራረበ ዕቃውን መልሱ። ከዱባይ በሻንጣ የመጣ ዲስክ ጋራንቲው እዚህ ላይሠራ ስለሚችል ቼኩን ገንዘብ ሳትከፍሉ አድርጉ።

ሦስተኛው ወጥመድ ኤስኤምአር፣ ማለትም የመረጃ መስመሮችን ደራርቦ መጻፍ ነው። በዚህ አሠራር የተሠራ ዲስክ አንዱ ሞቶ አዲሱ ሲሞላ ይንቀራፈፋል፣ አንዳንዴም ከነጭራሹ ይወድቃል። ዌስተርን ዲጂታል ሬድ ከ2 እስከ 6 ቴራ ያለው፣ ቁጥሩ በኢ-ኤፍ-ኤ-ኤክስ የሚያልቀው እንዲህ ነው፤ ሬድ ፕላስና የሲጌት አይረንዎልፍ ግን መስመር የማይደራርቡ ሲኤምአር ናቸው። ካርቶኑን ሳይሆን ዲስኩ ላይ የተለጠፈውን አንብቡ።

አገጣጠሙ ቀላል ነው። ዴስክቶፑን ናስ የሚያደርገውን ትሩናስ የተባለ ሲስተም ኤስኤስዲው ላይ ጫኑ፣ ሁለቱን ዲስክ ሚረር (አንዱ የሌላው ግልባጭ) አድርጋችሁ ፑል፣ ማለትም አንድ የጋራ ማከማቻ፣ ፍጠሩ፣ ስናፕሾት በየቀኑ እንዲያነሳና 30 ቀን እንዲያቆይ፣ ስክረብ የሚባለው የፋይል ፍተሻም በየወሩ እንዲሮጥ እዘዙ። የትሩናስ የፋይል ሥርዓት ዜድኤፍኤስ ፋይል በዝምታ ሲበላሽ ያውቃል፣ ከሌላኛው ዲስክም ያስተካክለዋል። ማዘርቦርዱ ቢሞት ዲስኮቹን ትሩናስ የተጫነበት ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ፑሉን ኢምፖርት ማድረግ ነው። ፋይል ማስተላለፉ በሰከንድ 11 ሜጋባይት ላይ ከቆመ ችግሩ ኬብሉ ነው፤ ከስምንቱ ሽቦ አራቱ ብቻ ሲሠሩ ወይም መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ሲሆን መስመሩ ወደ 100 ሜጋቢት ይወርዳል። በጤናማ ጊጋቢት 4 ቴራ በ10 ሰዓት ገደማ ያልፋል፣ በዚያኛው ከአራት ቀን በላይ ይፈጃል። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ባለው ጥድፊያ ይህን ማን ይችለዋል?

ከማሽኑ ጋር በዩኤስቢ የማይነጋገር ዩፒኤስ (የመጠባበቂያ ባትሪ) አትግዙ። መብራት ሲሄድ ማሽኑን አምስት ደቂቃ ላይ በሥርዓት የሚያጠፋው እሱ ነው፤ አለዚያ ባትሪው ሲያልቅ ድርግም ይላል። ባዮስ ውስጥም መብራት ሲመለስ ራሱ እንዲነሳ አድርጉት። ማሽኑን ከውጭ ለመድረስ ብላችሁ ራውተር ላይ ፖርት እንዳትከፍቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ዴድቦልት የተባለው ቫይረስ የኪውናፕን (የሌላ ናስ አምራች) ማሽኖች የቆለፈው በዚህ በር ገብቶ ነው።

የተረፉት ሁለት ዲስኮች በዶክ (ዲስክ ከውጭ በሚሰካበት መቀመጫ) እየተሰኩ ፍሪፋይልሲንክ በተባለው የመገልበጫ ፕሮግራም በየሳምንቱ ይሞላሉ፤ አንዱ ሁልጊዜ ሌላ ቤት፣ ዘመድ ጋር ይደር። ትንንሾቹን ተንቀሳቃሽ ኤክስተርናሎች ለዚህ አልመርጥም። የዌስተርን ዲጂታሎቹ ብዙዎቹ የዩኤስቢ ሶኬታቸው ዲስኩ ቦርድ ላይ የተበየደ ስለሆነ፣ ሶኬቱ ሲላላ አውጥቶ ሌላ ላይ መሰካት የለም። ክላውድ ለተመረጡት ፎቶዎች ይሁን፤ በ5 ሜጋቢት አፕሎድ 90 ጊጋ 40 ሰዓት፣ 4 ቴራ ደግሞ 74 ቀን ይፈልጋል።

ሲኖሎጂ የሚሻለው አንድ ዓይነት ቤት አለ፦ ሦስት አራት ኤዲተር ያለው፣ ክዳን የሚከፍት ሰው ግን የሌለው። ያም ቢሆን ዲኤስ224ፕላስን እንጂ ዲኤስ223ጄን አይግዛ፣ ባክአፕ ለሚሆነው ለሦስተኛው ዲስክም ገንዘቡን ቀድሞ ይቀንስ።