ቱሉ ዲምቱ አካባቢ «ናይሮቢ ማስተርስ ከሥራ ፈቃድ ጋር» ለሚሏችሁ ብር እንዳትከፍሉ

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬና ገላን ያላችሁ እህት ወንድሞቼ፣ በየመብራት ምሰሶው ላይ «ናይሮቢ ማስተርስ ከሥራ ፈቃድ ጋር፣ በ45 ቀን» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አይታችሁ ይሆናል። እኔ ደውዬበታለሁ። የከፈልኩት 185 ሺህ ብር እስካሁን አልተመለሰልኝም።

ያናገረኝ ልጅ ትሑት ነው፣ ቡና ሁሉ አስመጣልኝ። ሒሳቡን እንዲህ ነገረኝ፦ ለቅበላ ደብዳቤ 40 ሺህ፣ ለቪዛ 35 ሺህ፣ ለሥራ ፈቃድና ለመጀመሪያው ሴሚስተር ክፍያ 110 ሺህ። እናቴ እቁብ ደርሷት ነበር፤ የጎደለውን ከደሞዜ ካጠራቀምኩት ሞላሁ።

ኬንያ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት የመግቢያ ቪዛ አትጠይቅም። በሞያሌ ብትገቡም በአውሮፕላን ብትሄዱም ያው ነው። 35 ሺህ ብር የከፈልኩት ለሌለ ነገር ነው። ለመማር የሚያስፈልገው የተማሪ ፓስ ነው፤ እሱም በተመዘገባችሁበት ዩኒቨርሲቲ በኩል ለኬንያ ኢሚግሬሽን ይቀርባል እንጂ እዚህ ደላላ ቢሮ አይወጣም።

የሥራ ፈቃዱ ደግሞ የባሰ ነው። በተማሪ ፓስ ተቀጥሮ መሥራት አይፈቀድም። ክላስ ዲ የሚባለውን ፈቃድ የሚጠይቅላችሁ የሚቀጥራችሁ ድርጅት ነው፤ ለቦታው ኬንያዊ ባለሙያ እንዳላገኘም ማስረዳት አለበት። ታዲያ ቀጣሪ በሌለበት ፈቃዱ በማን በኩል ነው የሚጠየቀው? ይህን ብር ከማስገባቴ በፊት አለመጠየቄ እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

ያዘናጋኝ የቅበላ ደብዳቤው ነው፣ ምክንያቱም እውነተኛ ነው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ መጣልኝ። እናቴ ፎቶ ኮፒ አስደርጋ ለጎረቤት ሁሉ አሳየች። ከዚያ በኋላ ልጁ ስልክ አላነሳ ሲለኝ፣ ከዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ የሬጅስትራሩን ኢሜይል አውጥቼ በቀጥታ ጻፍኩ። በሁለት ቀን መለሱልኝ፦ ቅበላው ጊዜያዊ ነው፣ በስሜ የገባ የትምህርት ክፍያ የለም፣ የምዝገባው ቀን አልፏል። ማመልከቻው እኮ ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ ትንሽ የማመልከቻ ክፍያ ከፍሎ የሚሞላው ነው።

ቢሮው ስሄድ «ዩጋንዳ ልቀይርልሽ» አለኝ። ብሬን ስጠይቅ ውሉን አወጣ፤ መጨረሻው መስመር ላይ «የተከፈለ ገንዘብ ተመላሽ አይሆንም» ይላል፣ ፈርሜበታለሁ። ደረሰኝ አልሰጠኝም፤ ብሩን ያስገባሁትም በግል የባንክ ሒሳቡ ነው። ግድግዳው ላይ የሰቀለውን የንግድ ፈቃድ ያን ቀን ጠጋ ብዬ አነበብኩት፤ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ አገልግሎት ይላል። የማንንም ፈቃድ በቲን ቁጥሩ ኢ-ትሬድ ድረ ገጽ ላይ ማየት ይቻላል፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሰው ወደ ውጭ ለሥራ እልካለሁ የሚል ደግሞ በሕጉ መሠረት ለዚያ ሥራ የተሰጠ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። እሱ የለውም።

ናይሮቢ ሄዶ መማርን እየተቃወምኩ አይደለም፣ እኔም ለሚቀጥለው ዙር ራሴ አመልክቻለሁ። ግን ዩኒቨርሲቲው እውቅና ካላቸው ውስጥ መሆኑን የኬንያ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ኮሚሽን ከሚያወጣው ዝርዝር ላይ እዩ። የትምህርት ክፍያውንም በማንም ግለሰብ ሒሳብ አታስገቡ፤ የቅበላ ደብዳቤውንና ትምህርት ቤቱ የላከውን የክፍያ መጠየቂያ ይዛችሁ ባንካችሁ ሂዱ፣ ገንዘቡ በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሒሳብ ይተላለፍ።

እኔ ለፖሊስ አመልክቻለሁ። እዚያው ቢሮ የከፈላችሁ ካላችሁ ውላችሁንና የባንክ ማስተላለፊያችሁን ይዛችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አብረን እንቀርባለን።